ከአክሱም ድንጋይ እስከ አውሮራ ሣር

ዴንቨርና አክሱም በ1995 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እህትማማች ከተሞች ሆኑ። ዴንቨር ውስጥ በአክሱም ስም የሚጠራ መናፈሻም አለ። ብዙዎቻችን በአጠገቡ ስናልፍ የሚታየን የወዳጅነት ውል ብቻ ነው። እኔ ግን ከውሉ የጠለቀ ዝምድና አይበታለሁ፦ በሁለቱም ምድር ሰው ከእግሩ ሥር ያገኘውን አንስቶ የደጅ ጥበብ አድርጎታል።

ከአክሱም በስተምዕራብ ጎቦድራ የተባለ ኮረብታ አለ። ሐውልቶቹ የተፈለጡት ከዚያ ነው። ሽብልቅ የገባባቸው ቀዳዳዎች ዛሬም በአለቱ ላይ ተሰልፈው ይታያሉ፤ እዚያው ኮረብታ ላይ ከ3 ሜትር በላይ የምትረዝም እንስት አንበሳ ተቀርጻለች። ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ቁመትና 520 ቶን ገደማ ክብደት አለው፤ ወድቆ ተሰባብሯል። ከሮም በ2005 የተመለሰው ባለ 24 ሜትሩ በ2008 በቦታው ቆመ።

ወደ ኮሎራዶ እንምጣ። የዚህ ሜዳ ባለቤቶች የሻየንና የአራፓሆ ሕዝቦች ረዣዥም ምሰሶ አቁመው የጎሽ ቆዳ አልብሰው ድንኳን ይተክሉ ነበር፤ በሩም ወደ ፀሐይ መውጫ ያያል። ወደ ምሥራቅ ዞሮ ለሚጸልይ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ኋላ የመጡት ሰፋሪዎች እንጨት ሲያጡ ሜዳውን ራሱን ቤት አደረጉት። ሥሩ የተጠላለፈውን ሣር ከነአፈሩ በማረሻ እንደ ጡብ እየቆረጡ፣ ሣሩን ወደ ታች ደፍተው ይደረድሩታል። የዚህ ቤት አምሳያ አውሮራ ውስጥ ፕሌይንስ ኮንሰርቬሽን ሴንተር በተባለው ጥብቅ ስፍራ አለ። ጭቃና ጭድ ሲቦካ እያየ ያደገ ሰው ይህ ጥበብ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም።

በ1941 የተከፈተው ሬድ ሮክስ የተባለው ጣሪያ የለሽ ቴአትር ሌላው ምሳሌ ነው። አርክቴክቱ በርናም ሆይት 90 ሜትር ገደማ የሚቆሙትን ሁለት ቀይ አለቶች ሳይነካ መቀመጫውን በመካከላቸው ዘረጋ። በ1955 ደግሞ ኸርበርት ባየር አስፐን ውስጥ የአፈር ጉብታ ሠርቶ ሣር አለበሰው። ዓለም የሚያወድሰው የሮበርት ስሚዝሰን የዩታ ጠመዝማዛ የድንጋይ ሥራ የመጣው ከ15 ዓመት በኋላ ነው፤ ባየር የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም። በ2018 የዴንማርኩ ቶማስ ዳምቦ በብሬክንሪጅ ጫካ ካገለገለ እንጨት ግዙፍ ፍጡር ሠራ። ተመልካቹ በዝቶ ጎረቤቱ ስለተማረረ ፈርሶ፣ በ2019 ሌላ ቦታ ላይ እንደገና ተሠራ።

የእኛም ሥራ ከዚሁ ወገን ነው፤ ደመራ። ችቦው ይታሰራል፣ ጫፉ አበባ ይደረግበታል፣ ካህናት ይባርኩታል፣ ሕዝቡ ይዞረዋል፤ በዚያው ምሽት ተቃጥሎ አመዱ ግንባራችን ላይ ይቀራል። አደይ እዚህ ሜዳ ላይ አይበቅልም። ይሁን እንጂ በመስከረም የዱር ሱፍ አበባ ሜዳውን ቢጫ ያደርገዋል፤ በመስቀል ሰሞን ደግሞ ተራራው ላይ የአስፐን ዛፍ ቅጠል ወርቅ ይመስላል።

ወላጆች ሆይ፣ በመጪው መስከረም ልጆቻችሁን ወደዚያ የሣር ቤት ውሰዷቸው፤ ግድግዳውን ይመልከቱ። ለመስቀል ደግሞ ችቦውን አትሰሩላቸው፤ ራሳቸው ይሰሩት።