ምርቃት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ አንዲት እናት አሳፈሩኝ። ከጮቄ በኩል ድንች ይዘው የወረዱ ባልቴት ናቸው። መደቡን ጎንበስ ብዬ አየሁና ክርክር ጀመርን። እኔ «ይቀንሱልኝ እንጂ እናቴ» ስል፣ እሳቸው «አያዋጣኝም ልጄ» ሲሉ ቆይተን ተስማማን። ድንቹን ፌስታሌ ውስጥ ገለበጡልኝና፣ ዞር ብለው ከጆንያው ሦስት ፍሬ አውጥተው ጨመሩበት። ምርቃት መሆኑ ነው። ብሩን ሰጥቼ መንገዴን ስጀምር ከኋላዬ ተጣሩ።

«አንተ ልጅ! እኔ መረቅሁልህ፤ አንተ ሳትመርቀኝ ትሄዳለህ?»

እንግዲህ አስቡት። ስንት ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜ የቃላትን ፍቺ ስተነትን የኖርኩ ሰው፣ በየገበያው ስሰማው ያደግሁት ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ልብ ያልኩት ያን ዕለት ነው። ምርቃት በሻጭ እጅ ሲሆን ጭማሪ፣ በሽማግሌ አፍ ሲሆን ቡራኬ ነው። ጭማሪው የሚሰጠው ደግሞ ከስምምነቱ በኋላ መሆኑን አስተውሉ። ዋጋው ተቆርጧል፣ ገዢው ሊያመልጥ አይችልም፤ ሻጩን ማንም አያስገድደውም። እና ለምን ይጨምራል?

ጥያቄው ወደ ኋላ መለሰኝ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደቡብ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱ የጁቤ የምትባል ከተማ አለች። በዚያ አካባቢ ይቆም የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጎጃም ገበያዎች ሁሉ የገነነ ነበር። ቡናው፣ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ ከጊቤ አገር ተነሥቶ፣ ጉድሩን አቋርጦ፣ ዓባይን ተሻግሮ እዚያ ይደርሳል። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይመጣል። አሞሌው ሸቀጥም ገንዘብም ነው፤ ከተቆረጠበት ከአፋር በረሃ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። ሰሜን ላይ በአንድ ማርትሬዛ ብር ብዙ አሞሌ የሚያገኝ ሰው ደቡብ ሲደርስ በዚያው ብር የሚያገኘው ጥቂት ነው። ስለ ድሮ ጨዋነት ስናወራ የምንዘለለው ነገርም አለ፤ በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር።

ሲራራ ነጋዴው በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል። አገሩ የሰው ነው፣ መንገዱ የሰው ነው፤ ስለዚህ ምላሱ ለስላሳ፣ ሰላምታው ረጅም ቢሆን አይገርምም። ትሕትናው ስንቁ ነበር። ያገኘው ክብር ግን ያን ያህል አልነበረም። ባለርስቱ «መጫኛ ነካሽ» ይለዋል። በአብዛኛው የክርስቲያን ደገኛ አገር ሙስሊሙ የርስት መሬት ስለማይሰጠው ኑሮውን በንግድና በሽመና ላይ መሠረተ፤ ጎጃምና ጎንደር አካባቢ «ነጋዴ» ማለት ሙስሊም ማለት እስኪሆን ድረስ። አርሶ ያላደረ ሰው፣ ቢከብርም ቢበለጽግም፣ ጎደሎ ተደርጎ ይታይ ነበር።

ነገሥታቱ ግን ነጋዴው የሚያመጣውን ሀብት አልናቁትም። በ1873 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ መናገሻቸውም ያኔ መንቆረር ትባል የነበረችው የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ፣ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር የተዋጉት ከዓባይ ማዶ ላለው አገርና ለንግዱ መንገድ ነው። ተሸነፉ፤ ተማረኩም። የደቡቡ ቡናና የዝሆን ጥርስ ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጁን፣ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን የሚሰድበውን ሰው በአዋጅ ገሠጹ። አንድ ንጉሠ ነገሥት ስድብ ለመከልከል አዋጅ ካስነገረ፣ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

ዘመን ተገለባበጠና እኔ ልጅ ሳለሁ ደግሞ ሻጭ ጌታ ሆነ። የደርጉን የቀበሌ ኅብረት ሱቅ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ካርድ ይዘን ለስኳርና ለሳሙና እንሰለፋለን። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ሰውየው ቀና ብሎ ሳያይ «አልቋል» ይላል። ነገ ይመጣል ወይ ብሎ መጠየቅ ድፍረት ነው። ሰውየውን ክፉ አልለውም። ብንሄድ አይጎድልበት፣ ብንመጣ አይጨመርለት። ሌላ የምንሄድበት ሱቅ እንደሌለን እሱም እኛም እናውቃለን። በገጠሩም እንዲሁ ነበር። ጎጃም ትርፍ አምራች ነውና የግል የእህል ንግድ ታገደ፤ ገበሬው ኮታውን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ያስረክብ ነበር። እስከ 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ አዋጅ ድረስ በዚህ ቆየ። ለድርጅት ምርቃት የሚጨምር ገበሬ የለም፤ ድርጅትም አይመርቅም።

ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው። የተማሩ ወጣቶች ባንኮኒ ኋላ ቆመው «ምን ልታዘዝ?» ይሉናል። ቃሉን ቆም ብሎ ለሰማው የሎሌ ቃል ነው። ፈገግታው ሥልጠና ነው የሚሉ አሉ። ይሁን! ግልምጫን የቀመሰ ትውልድ የተሠለጠነበትን ፈገግታ አይንቅም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ከባሶ እስከ ኅብረት ሱቅ ያየነው ሁሉ አንድ ነገር ይመሰክራል፤ ጎንበስ የሚለው ምንጊዜም የተቸገረው ወገን ነው። ነጋዴው ሲቸግረው ነጋዴው፣ ገዢው ሲቸግረው ገዢው። ይህ ጨዋነት ሳይሆን የሚዛን ነገር ነው።

ጨዋነትማ ሦስቱ ድንች ናቸው። ክርክሩ ካለቀ፣ ሚዛኑ ከተነሣ በኋላ የሚጨመሩት። «ደንበኛ» የሚለውን ቃላችንንም ተመልከቱት፤ ደንብ ያለው፣ እንደ ደንቡ የሆነ ማለት ነው። ሁልጊዜ የሚገዛንንም ሰው ደንበኛ እንለዋለን። ደንቡ ግን የሻጭ ብቻ አይደለም። እኛ ገዢዎቹ ሱፐርማርኬት ገብተን የተለጠፈውን ዋጋ ትንፍሽ ሳንል ከፍለን እንወጣለን። ከተራራ በእግሯ ከወረደች ሴት ጋር ግን ለአንድ መደብ ድንች ግማሽ ሰዓት እንከራከራለን። መከራከሩ ነውር የለውም፤ የገበያ ወግ ነው፣ እሷም ትወደዋለች። ነውሩ ዝም ብሎ ዘወር ማለቱ ነው፤ ድንቹ ከመሬት በራሱ ዘሎ ፌስታላችን ውስጥ የገባ ይመስል።

ያን ዕለት ምን አደረግሁ? ተመለስኩ። ለመመረቅ አፌን ስከፍት አንድም ቃል ጠፋኝ፤ ሰው ፊት ቆሞ የመናገር ሰውዬ! ሴትዮዋ አዩኝና ሳቁ።

«ገበያዎ ይቅናዎት፤ እጅዎ ይባረክ፤ ለከርሞ በሰላም ያድርስዎ» አልኩ በመጨረሻ፣ የአያቴን ድምፅ እየተዋስኩ።

«አሜን» አሉና አንድ ድንች ጨመሩልኝ።