ፍቱን

«ፍቱን መድኃኒት» ስንል «የሚያድን» ማለታችን ነው፤ ቃሉ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ይጠይቃል። «ፈተነ» ከሚለው ግስ የወጣ ስለሆነ ትርጉሙ «የተፈተነ» ነው። በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ የሚሸጥ የሽፈራው ዱቄትም ሆነ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የእንጉዳይ ካፕሱል ይህን ስም የሚያገኘው ተመርምሮ ሲያልፍ ብቻ ነው። የእንጉዳዩ ነገር በተለይ ጥንቃቄ ይሻል። ይጠቅማል የሚባለው ንጥረ ነገር ቤታ ግሉካን ነው፤ በእህል ላይ ያደገ የእንጉዳይ ክር ከነእህሉ ሲፈጭ ግን ስታርች ይበዛበታል። ስታርችም ፖሊሳካራይድ ነውና በእሽጉ ላይ «ፖሊሳካራይድ» ተብሎ የተጻፈው ትልቅ አኃዝ የእህሉ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቤታ ግሉካኑ ለብቻው መለካት አለበት። ልኬቱም ቢሆን የሚነግረን ይዘቱን ነው፤ ማዳኑ የሚለየው በሰው ላይ በሚደረግ ጥናት ነው።

«አባቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ በኮሶ ድነዋል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ትሉ ሲወጣ በዓይኑ ያያል፣ ያም ራሱ ፈተና ነበር። ቢሆንም አበባው ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል፣ መጠኑ ሲያልፍም ይጎዳል። «በሽታ የመከላከል አቅም ይጨምራል» ለሚባል ካፕሱል ግን በዓይን የሚታይ ምስክር የለም። ሻጩ «ፍቱን ነው» ሲልዎ «ማን፣ መቼ፣ በምን ፈተነው?» ብለው ይጠይቁ።