ከዜና መዋዕል እስከ ዕለት ውሎ

በአዲስ ዓመት ሰሞን ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው የሚያድሉትን፣ በየገጹ ቀን የታተመበትን ደብተር ብዙዎቻችን «አጀንዳ» እንለዋለን። ቃሉ ላቲን ነው፤ «ሊሠሩ የሚገባቸው ነገሮች» ማለት ነው። ስሙ ገና ያልመጣውን ቀን ይመለከታል። ያለፈው ቀን የሚመዘገብበት «ዳየሪ»ም ምንጩ ላቲን ነው፤ «ዲያሪዩም» በሮማውያን ዘንድ ለወታደርና ለባሪያ የሚሰፈር የዕለት ቀለብ ነበር። የዕለት መዝገብም በዚያው ስም ተጠርቷል።

የእኛ ቃል ከቀለብም ከሥራ ዝርዝርም አልተነሣም። ማስታወሻ የሚይዝ ሰው የሚጽፈው ውሎውን ነው። «ውሎ» የወጣው ከ«ዋለ» ሲሆን፣ የግእዙ ግሥ «ወዐለ» ነው። «መዓልት» የዚሁ ግሥ ዘር ነው፤ ሲበዛ «መዋዕል» ይሆናል። የብሉይ ኪዳኑ መጽሐፈ ዜና መዋዕልም፣ የነገሥታቱ ዜና መዋዕልም ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ነው። ማታ በደጅ ሲያልፍ «እንዴት ዋላችሁ?» የሚል ጎረቤትና የንጉሡን ዘመቻ የሚከትብ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ የሚናገሩት በአንድ ግሥ ነው። ይህ ዝምድና ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ቃሉ የሁሉ ቢሆንም ብራናው ግን የሁሉ አልነበረም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመቻ በግእዝ ተጻፈ። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ አለቃ ዘነብ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ ጻፉ። ቋንቋው ወደ ሕዝቡ ወረደ፤ ባለታሪኩ ግን አሁንም ንጉሥ ነው። ሸማኔው በሸማው ጉድጓድ፣ እንስራ ያዘለችው ልጅ በወንዙ መንገድ እንዴት እንደ ዋሉ የጻፈላቸው የለም። ይህን ሳስብ ይቆጨኛል። ለዘመቻው ስንቅ ያዘጋጁት፣ አዝመራቸው በሠራዊት የተበላባቸው እነርሱ ነበሩና።

ለዚህ ነው የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን «የዘመን ታሪክ ትዝታዬ» ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል አስበልጬ የምወደው። መጽሐፉ ከ1896 እስከ 1922 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ይይዛል። ዕለት በዕለት የተያዘ ማስታወሻ አይደለም፤ ኋላ የተጻፈ ትዝታ ነው። ቢሆንም የቤተ መንግሥቱ ሹም ሽር ከተማሪው ኑሮና ከከተማው ወሬ ጋር አብሮ ይነበባል። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀው የኅዳር በሽታም ተጽፎበታል። ብላታ ለመጽሐፋቸው የሰጡት ንዑስ ርዕስ «ካየሁትና ከሰማሁት» የሚል ነው።