ድህነቱን የደበቀስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። የከተማችን ድሃ ግን በሽታውን ገልጦ ብቻ አልዳነም፤ ድህነቱንም እንዲገልጥ ተጠይቋል። ቀበሌ ሄዶ፣ ጎረቤት ምስክር አቁሞ፣ «መክፈል የማይችል» ተብሎ የተጻፈበትንና ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ይዞ ካርድ ክፍል ቀርቧል። ለመሆኑ ይህች «የነፃ ወረቀት» ከየት መጣች?

ዘመናዊ ሕክምና ወደ አገራችን ሲገባ ሸቀጥ ሆኖ አልነበረም። ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የሩስያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኛውን ያከመው በነፃ ነበር። ኋላም የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በእግሩ ተተካ። ሆስፒታል እንግዲህ የመንግሥት ቸርነት መስሎ ተወለደ፤ ቸርነቱም የደረሰው ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ለሆነው ነበር።

በ1940 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተቋቋመ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ጤና ጣቢያዎች ላከ። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ይሁንና በ1950ዎቹ መጀመሪያ በመሬት ላይ የተጣለውን የጤና ግብር ገበሬው ሲከፍል፣ ሆስፒታልና ሐኪም የተከማቹት በተለይ በአዲስ አበባና በአስመራ ነበር። ከፋዩና ታካሚው ተለያዩ ማለት ነው።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ቀበሌ መጣ። ደርግ የግል ሕክምናን መንገድ አጠበበ፤ የመሠረታዊ ጤና አገልግሎትንም መመሪያው አደረገ። ድሃውን የሚያውቀው ጎረቤቱ ነውና ምስክርነቱ ከቀበሌ እንዲመጣ መደረጉ ብልህነት ነበረው። ነገር ግን የቀበሌ ሊቀመንበር ፊት መቆም ለሁሉም እኩል አልቀለለም። መታወቂያ የሌለው የቤት ሠራተኛ፣ ትናንት ከገጠር የመጣ የቀን ሙያተኛ፣ ማን ይመስክርለት?

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ለግሉ ዘርፍ በር ተከፈተ፤ ክሊኒኩና ሆስፒታሉ በየመንገዱ በቀለ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ደግሞ የመንግሥት ተቋማት ገቢያቸውን ለራሳቸው እንዲያውሉ፣ ከመደበኛው ሰዓት ውጭም በግል ክፍያ የሚያክሙበት ክንፍ እንዲኖራቸው መንገድ ጠረገ። ሐኪሙን ከአገልግሎቱ እንዳይሸሽ ያቆየዋል የሚለው ምክንያት ከንቱ አይደለም። ሆኖም ያው ሐኪም በዚያው ግቢ ጠዋት ለተሰለፈው ቀጠሮ፣ ማታ ለከፈለው ጊዜ ሲሰጥ፣ የመንግሥትና የግል ድንበር ከአጥር ውጭ መሆኑ ቀርቶ ግቢው ውስጥ ገባ።

ከዚህም የከፋ ድንበር አለ፤ የመድኃኒት ቤቷ መስኮት። አንድ ጠዋት በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል አንዲት እናት የነፃ ወረቀታቸውን ከማዘዣው ጋር አቅርበው «የለም፤ ከውጭ ይግዙ» ሲባሉ ቆሜ አይቻለሁ። ወረቀቷን በጥንቃቄ አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ መለሷት። ማኅተሟ ከግቢው በር ማዶ ላለው የግል መድኃኒት ቤት ምኑም አልነበረም። ምርመራው በነፃ ነው፤ መዳኑ ግን በገንዘብ።

የተሻለ መንገድ አልተሞከረም ማለት ግፍ ይሆናል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች በየቤቱ እየገቡ ክትባትንና የእናቶችን ጤና ሲያስተምሩ የድህነት ማስረጃ አልጠየቁም። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ጤነኛው ለታማሚው፣ ያለው ለሌለው አስቀድሞ የሚያዋጣበት ነው፤ የድሃ ድሃውን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። እድርን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ለቀብር ካዋጣን፣ ለመዳን ማዋጣት አያቅተንም።

ነገር ግን መዋጮው ተከፍሎ መድኃኒቱ ከመደርደሪያው ላይ ከጠፋ፣ የመድን ደብተሩም ያችው የነፃ ወረቀት ይሆናል። ፍትሕ የሚለካው በመጨረሻዋ መስኮት ላይ በሚሰጠው መልስ ነው። እኚያ እናት ዛሬ ቢመለሱ ምን ይባሉ ይሆን?