የወደቁትን ያነሣ ጸጋ፦ በጃፓን ሰው የማይጋፋባቸው ሦስት ስፍራዎች

ጃፓንን ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ቶኪዮ፣ ኪዮቶ፣ ኦሳካ፣ ቢበዛ ሂሮሺማ። በኪዮቶ መንገዶች ዛሬ ቱሪስት ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ ያልፋል። በዚያችው ከተማ በጃንዋሪ 1597 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 24 ክርስቲያኖች የግራ ጆሮአቸው ጫፍ ተቆርጦ ለሕዝብ መሳለቂያ እንዲሆኑ በአደባባይ እንደዞሩ የሚያውቅ ጎብኚ ግን ጥቂት ነው። ከዚያም በክረምት ብርድ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ፤ በመንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ተጨመሩባቸው። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 26ቱም ናጋሳኪ ውስጥ ኒሺዛካ በተባለ ኮረብታ ላይ ተሰቀሉ። ከመካከላቸው ታናሹ ሉዊስ ኢባራኪ የ12 ዓመት ልጅ ነበር።

እነዚህ ሰማዕታት የካቶሊክ እምነት ተከታዮች ነበሩ። እኛ ወንጌላውያን በትምህርት የምንለይበት ብዙ ነገር አለ፤ ሆኖም በክርስቶስ ስም ስለ ተቀበሉት መከራ ዝም ማለት አይገባንም። ለእነርሱ ዛሬ በኮረብታው ላይ ሐውልት ቆሞላቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ግን ስለ ሌላ ጉዳይ እንጠይቃለን። ከእነዚህ ሰማዕታት በኋላ እምነቱ ያለ አገልጋይና ያለ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ከ200 ዓመት በላይ በጃፓን ቆይቷል። ያቆዩት እነማን ናቸው? መልሱን የሚነግሩን ከግርግሩ ወጣ ብለው የሚገኙ ሦስት የደርሶ መልስ ስፍራዎች ናቸው።

ከሶቶሜ፦ የረገጡትና ያለቀሱት

የክርስትና ስብከት ወደ ጃፓን የገባው በ1549 ፍራንሲስ ዛቪየር ካጎሺማ ሲደርስ ነው። ብዙ ሺህ ሰዎች ተጠመቁ። በ1614 ግን የቶኩጋዋ መንግሥት ክርስትናን በአገሪቱ ሁሉ ከለከለ። ሚስዮናውያን ተባረሩ፤ ተደብቀው የቀሩት እየታደኑ ተገደሉ። በ1644 የመጨረሻው ካህን ሲገደል ምእመናኑ ያለ እረኛ ቀሩ።

ክርስቲያኖችን ለመለየት ሹማምንቱ አንድ ዘዴ አበጁ። የኢየሱስ ወይም የማርያም ምስል ያለበት ሰሌዳ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ በእግሩ ይረግጠዋል። ይህም ፉሚኤ ይባላል። በናጋሳኪ አካባቢ ሥርዓቱ በየዓመቱ በአዲስ ዓመት ሰሞን ይፈጸም ነበር፤ እስከ 1850ዎቹም ቆይቷል። እንቢ ያለ ሰው እስር፣ ሥቃይና ሞት ይጠብቀዋል።

ከናጋሳኪ ከተማ በባሕሩ ዳርቻ ወደ ሰሜን ምዕራብ በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሶቶሜ ይደረሳል። ገደላማና ድንጋያማ አገር ነው፤ ከጀርባው ተራራ፣ ከፊቱ ባሕር። የዚህ አካባቢ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች በልባቸው ክርስቲያን ነበሩ፤ በየዓመቱ ግን ምስሉን ይረግጡ ነበር። ቤታቸው ሲመለሱ በራቸውን ዘግተው የንስሐ ጸሎት ይጸልያሉ። ጸሎቱን ኮንቺሪሳን ይሉታል፤ ቃሉ ከፖርቱጋልኛ የመጣ ሲሆን ከልብ መጸጸት ማለት ነው። ስለዚህ ጸሎት የሚያስተምር በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በጃፓንኛ የተዘጋጀ ትንሽ መጽሐፍ ነበራቸው፤ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ለልጅ ልጅ ተላለፈ። ትምህርቱም የሚናዘዙለት ካህን ባይኖርም እግዚአብሔርን ከመውደድ የተነሣ በእውነት የተጸጸተ ሰው ይቅርታን እንደሚያገኝ ነው።

እስቲ እናስብ። አንድ አባት ልጆቹን ይዞ ሄዶ የጌታን ምስል ይረግጣል። ማታ እነዚያኑ ልጆች አንበርክኮ ያለቅሳል። በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚሁ። ድርጊቱን መልካም ነው አንልም፤ ጌታ በሰው ፊት የሚክደኝን በአባቴ ፊት እክደዋለሁ ማለቱን እናውቃለን (ማቴዎስ 10፥33)። ያው ጌታ ግን ጴጥሮስ ሳይክደው አስቀድሞ እምነቱ እንዳይጠፋ ጸልዮለታል (ሉቃስ 22፥32)።

በ1879 ዴ ሮ የተባለ ፈረንሳዊ ካህን ወደ ሶቶሜ መጥቶ በ1882 በሺትሱ መንደር ቤተ ክርስቲያን ሠራ። በቀጣዩ ዓመትም ድሆች ሴቶች ሽመናና የምግብ ዝግጅት ተምረው ራሳቸውን የሚችሉበትን ቤት አቋቋመ። ሕንፃዎቹ ዛሬም አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ አሁንም ሰዎች የሚያመልኩበት ስለሆነ ጎብኚ አስቀድሞ ቢያሳውቅ መልካም ነው።

ካሱጋና ኢኪትሱኪ፦ ቃሉ ሲርቅ

ማርች 17 ቀን 1865 በናጋሳኪ ለውጭ አገር ሰዎች በተሠራው አዲሱ የኦኡራ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከኡራካሚ መንደር የመጡ 15 ያህል ሰዎች ቆሙ። ከመካከላቸው አንዲት ሴት ለፈረንሳዊው ካህን ፔቲዣን ቀርባ ልባችን ከእርስዎ ልብ ጋር አንድ ነው አለችው፤ የማርያም ምስል የት እንዳለም ጠየቀችው። ሞተ የተባለው እምነት በሕይወት እንዳለ ዓለም ያወቀው ያን ቀን ነው። ዛሬ ያ ቤተ ክርስቲያን በጎብኚ ይጨናነቃል።

ይሁን እንጂ ተደብቀው ከኖሩት ሁሉም አልተመለሱም። ከናጋሳኪ ወደ ሰሜን፣ በሂራዶ ደሴት የምትገኘው ካሱጋ በእርከን የሩዝ ማሳዎች የተከበበች ጸጥ ያለች መንደር ናት፤ በ2018 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት 12 ስፍራዎች በአንዱ ውስጥ ትገኛለች። ቤተ ክርስቲያን ግን የላትም። ከእርሷ ቀጥሎ በድልድይ የሚሻገሩባት የኢኪትሱኪ ደሴት አለች። በዚያ ቤተሰቦች ኦራሾ የሚሉትን ጸሎት በቃል ይዘው አቆዩ። ከጸሎቶቹ አንዳንዶቹ ላቲንና ፖርቱጋልኛ ናቸው፤ በጆሮ ብቻ ስለተላለፉ ድምፁ ቀርቶ ትርጉሙ ከብዙዎቹ ዘንድ ጠፋ። ነፃነት ሲመጣም ብዙዎቹ የአባቶቻችንን ልማድ አንለቅም ብለው በዚያው ጸኑ።

በእነርሱ ላይ ለመፍረድ አንነሣም፤ በሚችሉት ሁሉ ታምነዋል። ነገር ግን ትልቅ ትምህርት አለን። ጴጥሮስ ወደ ውጭ ወጥቶ መራራ ልቅሶ ያለቀሰው የጌታን ቃል ባስታወሰ ጊዜ ነው (ሉቃስ 22፥61-62)። የወደቀውን የሚመልሰው የገባው ቃል ነው። በእኛ ቤት መጽሐፍ ቅዱስ በራሳችን ቋንቋ አለ፤ በስልካችንም አለ። ልጆቻችን ዝማሬውን በቃላቸው ይዘው ትርጉሙን ሳያውቁ እንዳያድጉ እንጠንቀቅ።

ትሱዋኖ፦ የተመለሱት

ከሂሮሺማ በፈጣኑ ባቡር ወደ ሺን ያማጉቺ፣ ከዚያ በሌላ ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ በተራሮች መካከል ያለች ትሱዋኖ የምትባል ትንሽ ከተማ ይደረሳል። በቀድሞ ቤቶቿ ምክንያት ትንሿ ኪዮቶ ይሏታል። ከባቡር ጣቢያው በእግር በሚደረስ በዛፍ በተሸፈነ ሸለቆ ውስጥ ኦቶሜ ቶጌ የተባለ ስፍራ ላይ አንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት አለች።

ታሪኩ የሚጀምረው በኡራካሚ ነው። ክልከላው ገና ስላልተነሣ፣ በ1867 ፖሊሶች በሌሊት ገብተው ከ60 በላይ ሰዎችን አሰሩ። ሥቃዩ ሲበረታ ሁሉም ማለት ይቻላል ካዱ። ታካጊ ሴንኤሞን የተባለ ገበሬ ብቻ እንቢ አለ። የካዱት ወደ ቤታቸው ተለቀቁ፤ ሰላም ግን አላገኙም። የእርሱን ጽናት ባዩ ጊዜ ብዙዎቹ ተነሥተው ወደ ሹሙ ሄዱና ክህደታችንን ሽረናል አሉ። ይህን ሲናገሩ ሥቃዩ ዳግም እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር።

ከ1868 ጀምሮ የኡራካሚ ሕዝብ፣ 3,400 ያህል ሰው፣ በጃፓን ልዩ ልዩ ክፍሎች ተበተነ። 153ቱ ወደ ትሱዋኖ ተላኩ፤ ሴንኤሞንም ከእነርሱ ጋር ነበር። በረሃብ ተቀጡ፤ በክረምት በበረዶ ኩሬ ውስጥ ተነከሩ፤ ሰው ቀጥ ብሎ በማይቆምበት ጠባብ ሣጥን ውስጥ ተቆለፉ። በዚያ ከ30 በላይ ሞቱ፤ በስደቱ በጠቅላላው ከ600 በላይ። ከምዕራብ መንግሥታት ተቃውሞ በዛ፤ በ1873 ክልከላውን የሚያውጁት ሰሌዳዎች ወረዱ፤ የተረፉትም ወደ መንደራቸው ተመለሱ።

ይህ ነፃነት ለወንጌላውያንም በር ከፍቷል። ሚስዮናዊው ጊዶ ቨርቤክ በ1859 ናጋሳኪ ገብቶ ነበር፤ በ1866 ሙራታ ዋካሳ የተባለውን የሳጋ ባለሥልጣን ሲያጠምቅ ክልከላው በሥራ ላይ ስለነበር በድብቅ ነው ያጠመቀው። በ1872 ዮኮሃማ ላይ የመጀመሪያው የጃፓን ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሲመሠረትም ሰሌዳዎቹ ገና አልወረዱም። ከዚያ በኋላ በአደባባይ የተሰበከው ወንጌል የእነዚያ ገበሬዎች መከራ ባለዕዳ ነው።

ለእኛስ?

ወገኖች፣ እኛም በደርግ ዘመን በየቤቱ ተሸሽገው ሲያመልኩ የነበሩ አባቶችና እናቶች አሉን። የጸኑትን እንዘክራለን፤ ይገባልም። በዱላ ብዛት ደክመው፣ በኋላም በእንባ ስለተመለሱት ግን እምብዛም አናወራም። ዛሬም በየጉባኤያችን የኋላ ወንበር ላይ እንዲህ ያለ ሰው ይቀመጣል። ምናልባት የወደቀው በስደት ሳይሆን በሥራ ቦታ፣ በትዳር ወይም በሱስ ነው። አንድ ጊዜ ከወደቅሁ እግዚአብሔር ምን ያደርግልኛል ይላል።

የኡራካሚ ሰዎች ያን ስደት ታቢ ብለው ጠሩት፤ ጉዞ ማለት ነው። ከተጓዦቹ ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላ ጌታን የካዱ ነበሩ። ተመልሰው መቆም የቻሉት ብርቱ ስለሆኑ ሳይሆን እኛ ባንታመን እርሱ የታመነ ሆኖ ስለሚኖር ነው (2 ጢሞቴዎስ 2፥13)። እንግዲህ ጌታን ክደሃል፣ ርቀሻል የሚል ድምፅ የሚያስጨንቅህ ወንድም፣ የሚያስጨንቅሽ እኅት፣ ዛሬውኑ ተመለሱ። እኛ የቆምን የሚመስለንም በሩን አንዝጋባቸው፤ ጌታ ጴጥሮስን በተመለስህ ጊዜ ወንድሞችህን አጽና ብሎት ነበርና።

ጌታ ይርዳን። አሜን።