ንዳድ ያስለቀቀው ዓሣና የጊች ቁልቁለት

ጊች የወጣ ሰው ጉልበቱን የሚያውቀው ሲወርድ ነው። ዳገቱ ትንፋሽ ይፈትናል፤ ቁልቁለቱ ግን ጉልበት ይበላል። ከጊች ሜዳ፣ ከ3,600 ሜትር ከፍታ፣ ወደ ጂንባር ወንዝ ስወርድ ቀኝ ጉልበቴ ተያዘ። በቅሎ የሚነዳልን ሰው ዱላውን አቀበለኝና «ጋሼ፣ ቀጥ ብለው አይውረዱ፤ ጎን ጎኑን ይበሉ» አለኝ። ጊች ተወልዶ ያደገ ነው። በ2008 ዓ.ም ነዋሪው ለሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲባል ቀዬውን ለቆ ደባርቅ ሲሰፍር አብሮ ወርዷል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጉልበቴን ሳሽ አየኝና ሳቀ። «እኛ አገር ለዚህ ሳማ ነበር። በሳማ ይገርፉታል፤ እሱ ሲለበልብዎት የጉልበቱን ይረሱታል።»

ነገሩ ትዝ ያለኝ ከሳምንታት በኋላ ፊዚዮቴራፒ አልጋ ላይ ተጋድሜ ነው። ባለሙያዋ አራት ጥቁር የላስቲክ ቁራጮች አርጥባ ጉልበቴን ግራና ቀኝ አስያዘችው፤ ሽቦዎቹ ከአንዲት ትንሽ ሳጥን ጋር ይገናኛሉ። ቁልፉን ቀስ እያለች አዞረችው። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ጉንዳን የሚርመሰመስ መሰለኝ። ትንሽ ስትጨምርበት የጭኔ ጡንቻ እኔን ሳያስፈቅድ ብድግ አለ። «ሲበዛብዎ ይበቃል ይበሉኝ» አለች። ሃያ ደቂቃ እንዲህ ተኛሁ። ሕመም በኤሌክትሪክ የማስታገስ ነገር ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ለመፈለግ ያነሳሳኝም ያ ሃያ ደቂቃ ነው። ፍለጋው ወደ አውሮፓ ቤተ ሙከራ ይወስደኛል ብዬ ነበር። ይልቁንም መንገዴ ላይ የራሳችንን አገር አገኘሁት።

ሰው ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቅ በኤሌክትሪክ ይታከም ነበር። ማመንጫው ዓሣ ነበር። ስክሪቦኒየስ ላርጉስ የተባለው ሮማዊ ሐኪም ከልደተ ክርስቶስ በኋላ በአንደኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በጻፈው የመድኃኒት መጽሐፍ፣ ራስ ምታት የጸናበት ሰው በሕይወት ያለ አደንዛዥ የባሕር ዓሣ ግንባሩ ላይ እንዲደረግለት ያዛል። ሪህ የያዘው ደግሞ እግሩ እስኪደነዝዝ ዓሣውን ረግጦ ባሕር ዳር ይቆም።

የኛ ድርሻ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1681 በላቲን ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ሐበሾች ይህን መሰል ዓሣ ለንዳድ ሕክምና እንደሚጠቀሙበት ይናገራል። በየሦስትና በየአራት ቀኑ እየተመላለሰ የሚያንቀጠቅጠው በሽተኛ ገበታ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ዓሣው መገጣጠሚያዎቹ ላይ ይደረጋል፤ መላ አካላቱን ክፉ ሕመም ያርበደብደዋል፤ ከዚያ በኋላ ንዳዱ አይመለስም ይላል። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። ስለ አገራችን ያስተማሩት እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ያገኛቸውና ኋላም እስከ ጎታ ድረስ የጋበዛቸው የአምሐራው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው።

እኔ ይህን ሳነብ ያሳቀኝ «አይመለስም» የሚለው ነው። ወባ አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ይተዋል፤ ሲተው ምስጋናውን ዓሣው ይወስዳል። የታሰረው ሰውዬም ቢሆን ንዳዱ ቢመለስበት ደግሞ ለመታሰር ሲል «አመመኝ» የሚል አይመስለኝም። ቢሆንም ሰዎቹ ከንቱ ነገር አላዩም። ዓባይን ጨምሮ በአፍሪካ ወንዞች የሚኖረው ኤሌክትሪክ አመንጪ አምባዛ እስከ 350 ቮልት ድረስ መወርወር ይችላል። በርግጥ ይህ የቆላ ውኃ ዓሣ ነው፤ ውርጭ የሚያድርበት የጊች ሰው ለሕመሙ ያለው ሳማው ነበር።

አውሮፓውያን ከዓሣ ወደ ሽቦ የተሻገሩበትን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። ጋልቫኒ እ.ኤ.አ. በ1791 የሞተ እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲንፈራገጥ ማየቱን አሳተመ፤ ቮልታ በ1800 ባትሪ ሠራ፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1855 አንድን ጡንቻ ከሌላው ለይቶ በኤሌክትሪክ ስለ ማንቀሳቀስ መጽሐፍ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የአጭበርባሪም ሲሳይ ሆነ። የማይፈውሰው በሽታ የሌለ «የኤሌክትሪክ መቀነት» በየጋዜጣው ሲቸበቸብ ኖሯል።

ቁም ነገሩ እንደገና የተያዘው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ሜልዛክና ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሕመም ወደ አንጎል የሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ፣ በር አለ አሉ። የመዳሰስ ስሜት የሚያመላልሱት ወፍራም ነርቮች ሲነቃቁ በሩ ለቀጫጭኖቹ የሕመም ነርቮች ይጠባል። የተመታ ጉልበታችንን ወዲያው ማሸታችን፣ ወጌሻም በቅቤ ማሸቱ ለዚህ ነው ማለት ነው። ዛሬ ቴንስ የሚባለው ሳጥን ከዚህ ሐሳብ የተወለደ ነው። በሴኮንድ 100 ጊዜ ገደማ ቀለል አድርጎ ሲነካ ወፍራሞቹን ነርቮች ይቀሰቅሳል። በሴኮንድ ከ2 እስከ 4 ጊዜ ጠንከር አድርጎ ሲመታ ደግሞ ሰውነት የራሱን ማስታገሻ እንዲያመነጭ ይገፋፋል። የጊቹ ሰው ሳማ ወደዚህ ወደ ሁለተኛው የሚጠጋ ይመስለኛል።

ሌላው ሥራ ጡንቻ ማንቃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ሊበርሰን የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ከስትሮክ በኋላ እግሩ ለሚንጠለጠል ሰው ጫማው ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያ አበጁ። ተረከዙ ከመሬት ሲነሳ ኤሌክትሪኩ ይለቀቃል፣ የእግሩ ጫፍ ቀና ይላል፣ ሰውየው ሳይደናቀፍ ይራመዳል።

በአገራችን የመልሶ ማቋቋም ሕክምና ሲነሳ በ1958 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል፣ አለርት፣ አይረሳም። የሥጋ ደዌ ነርቭ ይገድላል፤ እጅ ያጣጥፋል፣ እግር ያንጠለጥላል። ጤነኛው ጡንቻ የሽባውን ሥራ እንዲተካ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ካለቀ በኋላ ጡንቻውን አዲሱን ሥራ የሚያስተምረው ፊዚዮቴራፒ ነው። እዚህ ላይ ግን ማሽኑ ራሱ አደጋ አለው፤ ቆዳው ስሜት ያጣ ሰው ሲቃጠል አይታወቀውም። ወደ ሰሜን ስንመጣ፣ በ1947 ዓ.ም በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ አጋማሽ ግድም ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ጎንደር ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉልበቱ ለታመመና ለመሳፈሪያ ብር ለሚቆጥር ገበሬ ይህ ቅርብ አይደለም፤ በሳምንት ሦስት ቀን ተመላለስ ቢሉት ወጌሻው ጋ ቢቀር አልፈርድበትም።

ደግሞስ ያን ያህል መንገድ ለማሽኑ ብቻ መሄድ ያዋጣል? የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2016 ለወገብ ሕመም ቴንስ አትስጡ ብሏል፤ ለመጥቀሙ በቂ ማስረጃ አላገኘም። የኔም ጉልበት ሽቦው ላይ እያለ ቀለለው፤ ማታ ተመልሶ ጠዘጠዘኝ። የረዳኝ ሕመሙ ጋብ ባለበት ሰዓት ባለሙያዋ ያሠራችኝ ነው፦ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ደረጃ መውጣት፣ በተለይም ቀስ ብሎ መውረድ። ይህን ደባርቅም ዳባትም ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል።

እንግዲህ ወደዚህ ሕክምና የምትሄዱ ሁሉ፣ ቤት የምትሠሩትን እንቅስቃሴ ሳትማሩ አትመለሱ። ልብ ላይ የተተከለ መሣሪያ ያለው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በስኳር ወይም በሌላ ሕመም እግሩ የደነዘዘበት ደግሞ ላስቲኩ ቆዳው ላይ ሳይለጠፍ በፊት ይናገር።