መንግሥት ሲርቅ የቆየ እምነት፦ የባሌ ደጋና የጽዋ ማኅበር

ከሮቤ ተነሥቶ በጎሮ በኩል ወደ ምሥራቅ የወረደ ሰው፣ ዌብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ከሠራው ከሶፍ ዑመር ዋሻ ይደርሳል። የዋሻው መተላለፊያዎች ቢደማመሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ሼኽ ሶፍ ዑመር ከደረሳዎቻቸው ጋር የተጠለሉትና የሰገዱት እዚህ እንደሆነ ትውፊቱ ይናገራል፤ ከእርሳቸው በፊትም የአካባቢው ሰው ስፍራውን በጥንቱ እምነቱ ያከብረው ነበር ይባላል። ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ ደግሞ ተጓዥ የሚሳለመው ድሬ ሼኽ ሁሴን አለ። የሁለቱ ስፍራዎች ታሪክ ለክርስቲያን አንባቢም የሚነግረው ነገር አለው። በመካከለኛው ዘመን ባሌን የገዛው የሙስሊም ሥርወ መንግሥት በ16ኛው መቶ ዓመት ጠፍቷል፤ ተጓዡ ግን ዛሬም ባላ ዘንጉን ይዞ፣ ዜማውን እያዜመ ይመጣል። ያከበረው ሱልጣን ቢያልፍም ያከበረው ሕዝብ አላለፈም። የባሌ ክርስትና ታሪክም ወደዚሁ ያመራል ባይ ነኝ። ክርስቶስን መከተል በዚህ ደጋ ሥር የሰደደው ሹም በደገፈው መጠን አልነበረም፤ ሰው በየሳምንቱና በየወሩ በእንጀራው፣ በጠቡና በዕርቁ፣ በለቅሶውና በድግሱ ውስጥ በኖረው መጠን ነው።

የክርስቲያን መንግሥት ወደ ባሌ የደረሰው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፣ ከ1306 እስከ 1336 ዓ.ም.፣ ባሌ ለክርስቲያኑ ንጉሥ የሚገብር የሙስሊም አገር ነበር፤ ዐረባዊው ጸሐፊ አል ዑመሪም በዚያው መቶ ዓመት ከዘረዘራቸው ሰባት የሙስሊም ግዛቶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ከመቶ ዓመት በኋላ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጨዋ የሚባሉትን የጦር ክፍሎች በዳር አገሮች አሰፈረ፤ ጦሩ በሰፈረበትም ታቦትና ካህን ይከተሉት ነበር። በዚህ ዓይነት የተተከለ ክርስትና ዕድሜው ከሰፈሩ ዕድሜ ጋር የታሰረ ነው። በ1521 ዓ.ም. ዐፄ ልብነ ድንግል በሽምብራ ኩሬ በኢማም አሕመድ ድል ሆነ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ባሌ በኢማሙ ሠራዊት እጅ ገባ። የኦሮሞ እንቅስቃሴም መልባ በተባለው ገዳ ዘመን በመጀመሪያ የደረሰው ባሌ እንደነበረ አባ ባሕርይ በ1585 ዓ.ም. ገደማ ጽፏል። ንጉሣዊው አስተዳደር ከባሌ ወጣ፤ ለሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህልም አልተመለሰም። የዛሬው የጎባና የሮቤ ምእመን የደብሩን ዕድሜ ሲቆጥር ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኋላ አያልፍም፤ ወደ ዘርዐ ያዕቆብም አይሻገርም። ያ ሁሉ ሠራዊት፣ ያ ሁሉ ግብር፣ ያ ሁሉ ሹመት በሰው ቤት ውስጥ የሚቀጥል ነገር አልተወም።

ጦርነቱ ሁሉን ስላጠፋ ነው፣ የኑሮ ልማድ ቢኖርስ ምን ያድን ነበር? የሚል ይኖራል። መልሱ ከአርሲ ተራሮች በስተምዕራብ፣ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ነው። የዛይ ሕዝብ በዚያው የጦርነትና የፍልሰት ዘመን ከክርስቲያኑ መንግሥት ተቆርጦ በደሴቶቹ ላይ ቀረ። ዓሣ እያጠመደ፣ ሸማ እየሸመነ፣ የደሴቱን ገደል በእርከን እያረሰ፣ የብራና መጻሕፍቱን እየጠበቀ፣ የምኒልክ ሠራዊት እስኪደርስ ድረስ ከነክርስትናው ቆየ። ውኃው ከጦር ጠብቆታል፤ ይህ የማይካድ ነው። ነገር ግን ውኃ ከመርሳት አይጠብቅም። ልጁን ማስጠመቅ፣ ጾሙን መጾም፣ በዓሉን መቁጠር ለትውልድ ትውልድ የተላለፈው ማንም ሳያዝዝና ማንም ሳይከፍል ነው። በእኛ ዘመን አቅራቢያ ደግሞ የወላይታ ታሪክ አለ። በ1929 ዓ.ም. ኢጣሊያ ኤስ አይ ኤም የተባለውን የወንጌላውያን ድርጅት ሚሲዮናውያን ሲያስወጣ በወላይታ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ፤ ሚሲዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። በመካከሉ ገንዘብ የሚልክ፣ ከእስርና ከግርፋት የሚያስጥል የውጭ ሰው አልነበረም። ያስፋፉት የተገረፉትን ያስታመሙና የታሰሩትን ያበሉ ገበሬዎች ናቸው። ዛይና ወላይታ በሥርዓተ አምልኮ የማይገናኙ ሁለት ማኅበረ ሰቦች ናቸው፤ ስለ እምነት መቆየት የሚሰጡት ምስክርነት ግን አንድ ነው።

ወደ ባሌ ስንመለስ ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ይጠብቀናል። የዛሬው የባሌ ደጋ ክርስትና ራሱ ከነፍጥ ጋር የመጣ አይደለምን? አዎን፣ መጥቷል። የሸዋው ራስ ዳርጌ በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ አዙሌ ላይ አርሲን ድል ካደረጉ በኋላ፣ ከጥቂት ዓመታት ቆይታ ባሌም ለሸዋ ገባ፤ ጎባም የሠራዊት ከተማ ሆና ቆመች። መሬቱ ለወታደሩ፣ ለሹሙና ለቤተ ክርስቲያኑ ተከፋፈለ፤ የአገሩ ባለቤት ገባር ሆነ። በመጀመሪያው ትውልድ በጎባ ለማኅበር የተጋገረው ዳቦ፣ የተጠመቀው ጠላ ብዙውን ጊዜ ከገባር ጉልበት የተገኘ እህል ነበር። በደጃፉ የቆመውን ነዳይ እያበሉ ከዕርሻው ላይ ያለውን ገባር አለማየት ጌታ በፈሪሳውያን ላይ የተናገረበት ዓይነት ኃጢአት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ይህን አለሳልሶ ሊያልፈው አይገባም። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የባሌ ገበሬ በዋቆ ጉቱ መሪነት ያመፀው ቀላድ ስለሚባለው የመሬት ልኬት፣ ስለ ግብርና ስለ ሹማምንት ግፍ ነበር፤ ሃይማኖቱ የተናቀበት ሙስሊም ቁጣም በውስጡ ነበረበት። በዚህ ሁሉ መካከል የክርስትና ስም የሹም ስም ሆኖ መታየቱ እምነቱን ጎድቶታል እንጂ አልጠቀመውም። የኔ ክርክር ይህን ግፍ የሚያስተባብል አይደለም፤ እንዲያውም በእርሱ ላይ ይቆማል። ነፍጡ ያመጣው ሁሉ ከነፍጡ ጋር ቢሄድ ኖሮ፣ በ1967 ዓ.ም. የጎባ አብያተ ክርስቲያናት ባዶ በቀሩ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን የሹሙም፣ የነፍጠኛውም፣ የደብሩም መሬት አብሮ ሄደ። ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት ተለየች፤ የሙስሊም በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆኑ፣ ይህም ለባሌ ሕዝብ ዘግይቶ የመጣ ፍትሕ ነበር። በ1968 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ታሰሩ። ካህኑ የሚበላበት የሰሞን መሬት፣ ደብሩ የሚጠገንበት ገቢ አልነበረም። እውነት ነው፣ ከላይ የመጣ አንድ ዝግጅት ነበር፦ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ምእመናን በሰበካ ጉባኤ ተደራጅተው ደብራቸውን እንዲያስተዳድሩ መንገድ ከፍቷል። ደንብ ግን ሰው ከሌለው ወረቀት ነው። ሰበካ ጉባኤው ሰው ያገኘው ቀድሞ ተሰብስቦ ከነበረ ሕዝብ ነው፤ ያን ሕዝብ ሰብስበው የያዙትም ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር ናቸው።

የጽዋ ማኅበር አሠራር ለአንባቢው እንግዳ አይደለም፤ ስለለመድነው ግን ብልሃቱን አንመለከተውም። ጎረቤት የሆኑ ጥቂት ሰዎች በአንድ በዓል ስም ይሰበሰባሉ፤ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም፣ በ29 የበዓለ ወልድ ብለው። ሙሴ የሚባለውን የማኅበሩን መሪ ይመርጣሉ። ተራ የደረሰው በቤቱ ድፎውን ይደፋል፣ ጠላውን ይጠምቃል፣ ንፍሮውን ይቀቅላል፤ ካህኑ ጸልዮ ይባርካል፣ ለነዳያን ይወጣል፣ ሲያበቃ ቀጣዩ ተረኛ ጽዋውን ተረክቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰንበቴው ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይደረጋል፤ እንግዳውም መንገደኛውም ይበላበታል። ይህ ሁሉ ቢሮ፣ ደመወዝ፣ ርስት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው አንድ ቤት፣ አንድ እንስራና ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው። ስለዚህ የመሬት ዐዋጅ ሊነካው አልቻለም። ከዚያም በላይ እያንዳንዱ ተራ የመታመን ትምህርት ነው። ተራው የሚደርሰው ገብሱ በውርጭ በተመታበት ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ጽዋውን የተቀበለው ግን ባለፈው ወር፣ የሚመጣውን ሳያውቅ ነው። በማቴዎስ ወንጌል 6ኛው ምዕራፍ ጌታ ስለ ነገ አትጨነቁ ያለውን ከመድረክ የሚሰማ ብዙ ነው፤ በማኅበር ግን ሰው ቃሉን በጓዳው ይፈትነዋል። ቢያጣም ማኅበርተኛው ዱቄቱን፣ ጌሾውን ይዞ ይደርስለታል። ሌላም ሥርዓት አለ፤ የተጣሉ ሰዎች ሳይታረቁ አብረው ጽዋ አይጠጡም። በተራራው ስብከት መባህን ከማቅረብህ በፊት ከወንድምህ ታረቅ የተባለው ትእዛዝ በየወሩ ቀጠሮ አለው ማለት ነው። ዓመት ሙሉ ቂም ይዞ መኖር ለማኅበርተኛ አስቸጋሪ ነው፣ በ30 ቀን ውስጥ ይጠየቅበታልና።

ይህ የቅዱሳን ዝክር እንጂ ኢየሱስን መከተል አይደለም የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ የድግስና የመጠጥ ሰበብ ሆኗል የሚሉም አሉ። የኋለኛውን አልክድም። ጠላው ከጸሎቱ የበለጠበት ማኅበር ከየትም አይጠፋም፤ በድግስ ፉክክር ድሀውን ከተራው ያስወጣ ማኅበርም የተመሠረተበትን ነገር አፍርሷል። የፊተኛው ግን የልማዱን መሠረት ሳያዩ የሚቀርብ ነው። ዝክር የቆመበት ቃል በማቴዎስ 10 መጨረሻ ላይ ያለው የክርስቶስ ተስፋ ነው፤ በደቀ መዝሙር ስም ለታናናሾቹ የሚሰጥ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ዋጋው አይጠፋም ያለው። የመድኃኔ ዓለምና የበዓለ ወልድ ማኅበር ደግሞ በራሱ በጌታ ስም የሚጠጣ ነው። አንድ ማኅበር ክርስቶስን ይከተል አይከተል የሚለየው በማን ቀን መሰብሰቡ ሳይሆን፣ በበሩ የቆመው ነዳይ ምን ይዞ እንደሚመለስ ነው። ወንጌላውያኑም በየቤቱ በሚያደርጉት የጸሎት ኅብረት ያንኑ ሥራ በሌላ መልክ ይሠራሉ፤ የታመመን መጠየቅ፣ ያዘነን ማጽናናት፣ ያለን መካፈል። ክርክሩ በዚህ ላይ ባይሆን ደስ ይለኛል።

የ1520ዎቹን ጦርነትና የ1967ን ዐዋጅ ማወዳደር ልክ አይደለም የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። በፊተኛው ሰይፍ ነበር፤ በኋለኛው ምእመኑ ንብረቱን እንጂ አገሩን አልተነጠቀም፣ ጎባና ሮቤም ነጋዴውን፣ መምህሩን፣ የመንግሥት ሠራተኛውን የያዙ ከተሞች ሆነው ነበር። ስለዚህ ጽዋ ብቻውን ክርስትናን በባሌ አቆየ ብል ከማስረጃው በላይ መሄድ ይሆንብኛል። የምለው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ያነሰም ቢሆን ይበቃኛል። ከተማ ሰውን ይሰበስባል፣ ጎረቤት ግን አያደርገውም። መሬቱን ያጣው የነፍጠኛ ልጅ፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣው መምህር፣ በስንዴ ዕርሻ ሊቀጠር የመጣው ድሀ በአንድ ገበታ የተገናኙት በማኅበርና በሰንበቴ ነው። በ1967 ከገባር ጉልበት ተላቆ በራሱ ላብ የተጋገረው ዳቦ፣ ለባሌ ክርስቲያን የመጀመሪያው ንጹሕ ዳቦ ነበር ማለት ይቻላል።

የዕርቁ ሥርዓት ግን ገና ያልጨረሰው ሥራ አለው። ማኅበርተኛው ከማኅበርተኛው ጋር ይታረቃል፤ የገባሩ ልጅና የባለ ርስቱ ልጅ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ግን በአንድ ጽዋ ዙሪያ አይቀመጡም። በተግባር ይህን ክፍተት በኢትዮጵያ ከተሞች ሲሞላ የኖረው ዕድር ነው። ከብት የሚያርዱት ለየብቻ ቢሆንም፣ ለሠርግ የጠራ ክርስቲያን ለሙስሊም እንግዶቹ በሙስሊም እጅ አሳርዶ ለብቻ ያሰናዳል፤ ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑን አብሮ ይተክላል፣ ሬሳውን አብሮ ይሸኛል። ደጉ ሳምራዊ በኢያሪኮ መንገድ ያደረገው የዚህ ዓይነት ሥራ ነበር፤ ቁስለኛውን ሲያነሣው ሃይማኖቱን አልጠየቀም። የባሌ ደጋ ክርስቲያን ስለ እምነቱ የሚሰጠው ምስክርነት በጎረቤቱ ዘንድ የሚመዘነው በዚህ ነው፤ ሙስሊሙ ጎረቤቱ የነፍጡን ዘመን ከአባቱ ሰምቷል፣ የዕድሩን ድንኳን ደግሞ በዓይኑ ያያል።